ጤነኛውን ዲስክ ለወሰዱልን ክቡር ኃላፊ

ተገኘች! ሙሉዋን፣ ከነሳቋ ከነቁጣዋ፣ አንዲት ጣት ሳትጎድልባት ተገኘች!

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር የጥገና ክፍል ኃላፊ፤ ደስታው አፌን ቀድሞኝ ነው እንጂ ሰላምታ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ ይመቻል? በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ፊትዎን የማየት ዕድል አልገጠመኝም፤ የቢሮዎን በር ግን ከነጭረቱ አውቀዋለሁና በእሱ በኩል ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ገላልጬ የጻፍኩትም ታሽገው የገቡት ደብዳቤዎቼ ሁሉ መልስ ስላጡ ብቻ ነው።

የተገኘችው ታናሽ እህቴ ናት። እርስዎ ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ማመልከቻዬ ጠረጴዛዎ ላይ ከርሟልና። ለማያውቁት አንባቢዎች ግን ከሥሩ ላስረዳ። እህቴ መስማትም መናገርም አትችልም ነበር፤ ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ትምህርት ቤት ስላልገባች የምታወራው እናታችንና እኛ ልጆች ቤት ውስጥ በፈጠርነው የእጅ ምልክት ነበር። ጆሮ መጎተት የአከራያችን ስም ነው፤ አፍንጫ በሁለት ጣት መያዝ «ውሸቱን ነው» ማለት ነው፤ የቀረውን ልተወው፣ ሰው ያስቀይማል። ለሥራ ሌላ ከተማ ስትሄድ እንደ ሰው ስልክ ደውላ ማውራት ስለማትችል ወሬዋን በቪዲዮ እየቀረጸች ትልክልን ጀመር። የደንበኞቿን ሐሜት፣ የጨርቁን መወደድ፣ አብራት የምትሰፋውን ሴትዮ ኩርፊያ፣ ሁሉንም በሁለት እጇ። እንዴት ያለች ወሬኛ መሰለችዎ! እኔ፣ ሰፈሩ ሁሉ ለፍላፊ የሚለኝ ሴትዮ፣ እሷ ፊት ዲዳ ነበርኩ።

ከዚያ ታመመች፤ ሞተች። እዚህ ላይ አላበዛም።

ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ነውና ቪዲዮዎቹን ሁሉ ከድርጅትዎ በገዛው የቤት ማከማቻ ሳጥን ውስጥ አኖራቸው። ሳጥኑ ሁለት ዲስክ አለው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። እናታችን ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። አእምሮዋ እየደከመ ሲሄድ ብዙ ነገር ጠፋባት፤ ከጠፋባት ነገር አንዱ የአፍ ቃሉ ነው፣ ከእኛም ጋር የምታወራው በእጇ ብቻ ነው፤ ሌላው የእህቴ ሞት ነው። ሳጥኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተን አንዱን ቪዲዮ ስንከፍትላት ልጇ ከሩቅ ሆና የምታወራት ይመስላታል፤ በእጇ ትመልስላታለች፣ ትመክራታለች፣ «ብርድ ላይ አትውጪ» ብላ ትቆጣታለች። አላረምናትም። ማንስ ልብ ኖሮት ያርማታል?

አንድ ቀን ታዲያ ሳጥኑ ይጮህ ጀመር። ቀይ መብራት በራበት፤ ከሆዱም ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለቤቴ አቧራውን ጠረገ፣ ገመዱን ቀየረ፣ መመሪያውን እንደ ዳዊት ደገመ፤ ሳጥኑም በራሱ ገጽ ላይ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ መበላሸቱን፣ ሌላው ደህና መሆኑን ነገረን። ቪዲዮዎቹ አሁንም ይከፈታሉ። ዋስትናው ስላላለቀ ለእናንተ ደወልን። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ ስለላኩልን ባለሙያ ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። የሳጥኑ ገጽ የተበላሸው «ዲስክ 1» ነው ይላል። ማሽኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከዜሮ ስለሆነ «ዲስክ 1» ማለት ሁለተኛው ነው፤ የእርስዎ ባለሙያ ግን ትሑት ሰው ነውና እንደ እኛ እንደ ተራዎቹ ከአንድ ቆጥሮ የመጀመሪያውን ነቀለው። ባለቤቴ ቀስ ብሎ «ወንድሜ፣ እርግጠኛ ነህ?» ቢለው፣ «አባቴ፣ እኔ እኮ ሠርተፊኬት አለኝ» አለው። በቦታው አዲስ ዲስክ ሰካ፤ የነቀለውን በቦርሳው ይዞ እብስ አለ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስልክ አገልግሎትዎ። ባለሙያው ከወጣ በኋላ ሳጥኑ አሁንም ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እኔ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ነገር ግን ጥርሱን የታመመ ሰው ጥርስ ተነቅሎለትም ሕመሙ ካልተወው የተነቀለው ጤነኛው እንደሆነ ለማወቅ ያን ያህል መማር አያስፈልግም። ወዲያው ደወልኩ። በሽተኛውን ትታችሁ ጤነኛውን ወስዳችሁብናል ስል፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ «እማማ፣ አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ። እማማ! ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላኝ ስለሰጣችሁኝ ዕድገት እጅ ነሥቻለሁ። አዲሱ ዲስክ ከበሽተኛው ሊገለብጥ ሲታገል አደረና በማግስቱ በሽተኛው ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር ገጽ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ ለምስጢራችን ስላሳያችሁት ጥንቃቄ። ጤነኛው ዲስክ እንዲመለስልን ስንለምን፣ ማኅተም ባለው ወረቀት የተሰጠን መልስ የተነቀለ ዲስክ ለደንበኛ እንደማይመለስ፣ የደንበኛው ምስጢር እንዳይባክን በመፍጫ ማሽን ተፈጭቶ እንደሚወገድ የሚገልጽ ነበር። የእኛን ምስጢር ከእኛው ለመጠበቅ ይህን ያህል መድከማችሁ እንባዬን አመጣው። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፤ በቤተ ሰባችን የእጅ ምልክት የተነገረን የጨርቅ ሐሜት ሰምቶ የሚያባክነው ማን ይሆን?

አራተኛ፣ እናቴ።

መጀመሪያ ሰሞን ጥቁሩን መስታወት በጣቷ ታንኳኳ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ምን እንዳስቀየመቻት ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት፤ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ያዘችብኝ። ስለ ብርዱ የተቆጣቻት በዝቶ ልጇ ያኮረፈች መስሏት፣ የይቅርታውን ምልክት፣ ማለትም መዳፍን ደረት ላይ አሳርፎ ወደ ፊት መዘርጋትን፣ ለዚያ ለጠቆረ መስታወት ቀን በቀን ታሳየው ጀመር። እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ በር እዘጋለሁ። ስትለምን፣ ስትለምን ከረመችና አንድ ቀን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተወችው። ከእኔም ጋር ማውራት አቆመች። ምግብ ስሰጣት ትበላለች፤ ሳጥባት ትታጠባለች፤ እጇ ግን ዝም አለ። ክቡር ሆይ፣ ለዚህኛው የሚሆን የምስጋና ቃል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ቁጥሩን ብቻ ይያዙልኝ።

አምስተኛው ምስጋና ግን ከልቤ ነው፤ አሽሙር የለበትም፣ ቢኖርበትም ጥቂት ነው። ደብዳቤ መጻፍ ሲሰለቸኝ በእግሬ ወደ ንብረት መጋዘናችሁ ሄድኩ። እዚያ የሰማሁትን ስሰማ እዚያው እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ለካ መፍጫው ማሽን ተበላሽቶ ጠጋኝ እየጠበቀ ኖሯል! ከየቤቱ የተነቀለው ዲስክ ሁሉ በካርቶን እንደታጨቀ ተደርድሯል። አንድ ሰው ሥራውን በጊዜው ሠርቶ ቢሆን ኖሮ እህቴ ዛሬ ዱቄት ነበረች። ስንፍና እንዲህ ያለ ጽድቅ ይሠራል ብሎ ማን ይገምት ነበር? ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ካርቶኑን አንድ በአንድ ሳራግፍ፣ ባለቤቴ ዲስኮቹ እንዳይምታቱበት የለጠፈው ነጭ ፕላስተር፣ በገዛ እጁ ጽሑፍ «ግራ» የሚል፣ ብቅ አለልኝ። አቅፌው አነባሁ። የመጋዘኗ ሴትዮ «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል» እያለች መዝገቡን ገለጥ ብታደርግ፣ በመዝገቡ መሠረት ዲስኩ ከወራት በፊት ተፈጭቷል፤ ሪፖርቱም ጸድቋል። «እንግዲህ የሌለን ነገር እንዴት ብዬ እከለክልዎታለሁ?» አለችኝ። ስለዚህ ማን ሰጠሽ ብለው አይጠይቁኝ። እርስዎ በፈረሙበት ሪፖርት መሠረት ማንም ምንም አልሰጠኝም፣ እኔም ምንም አልያዝኩም።

ባለቤቴ ዲስኩን ሲሰካው ቀጭ የሚል ነገር የለም፤ ተከፈተ። መጀመሪያ ያደረገው ግልባጭ አውጥቶ ወንድሜ ቤት መላክ ነው፤ ከእንግዲህ ሁለት ዲስክ በአንድ ሳጥን ስላለ ተማምኖ የሚተኛ የለም። ከዚያ እናታችንን ወንበሯ ላይ አስቀመጥናትና ያገኘነውን ቪዲዮ ከፈትንላት። እህቴ ብቅ አለች። ቁምነገር አልነበረም የምታወራው፤ የሙሽራ ቀሚስ አንገት እምቢ ብሏት ተበሳጭታ፣ መርፌ ቁልፍ አልቆባት፣ ማን እንደወሰደባት እየተሳደበች ነው።

እናቴ አየቻት። እጇ አልተነሣም። በቃ፣ ዘግይተናል አልኩ በልቤ። ከዚያ ድንገት የወንበሩን ክንድ ተደግፋ ተነሣች፤ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች፤ መሳቢያውን ስባ የክርና የቁልፉን ቆርቆሮ አወጣች፤ ጎርጎር አድርጋ መርፌ ቁልፍ ለቀመችና ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋችላት። «እንኪ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ በእጇ የነገረችኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦ «አላኮረፈችም እኮ፤ መርፌ ቁልፍ አልቆባት ነው።»

እኔም በዚህ ደስታ መሃል አንድ ነገር አውቃለሁ፤ እናቴ እነዚያን ወራት ሁሉ ይቅርታ ስትለምን የከረመችው ባላጠፋችው ጥፋት ነው። ያጠፋው ይቅርታ ሲል ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እንግዲህ ጊዜዎን አባክኜ ከሆነ፣ እኔም የራሴን ደጅዎ ላይ አባክኛለሁና እንቻቻል። ወንበርዎ ያጽናዎ፤ ስብሰባዎ ይስመርልዎ፤ ቤትዎ ያሉትን ወዳጆችዎን የሚያዩበት ማሽን ሁሉ ዕድሜ ይስጠው፤ ከታመመም ለእኛ የተላከው ባለሙያ አይላክበት።

አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከድርጅትዎ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል የስልክ መልእክት ደረሰኝ። መልሱ በስልክ የሚነገር አይደለምና እርስዎ ራስዎ መጥተው እናቴን ይጠይቋት። የይቅርታው ምልክት ከላይ ተጽፏል፤ መስታወት ፊት ቆመው ቢለማመዱት አይከብድም። ደግሞ እናንተ ጎረቤቶቼ፣ ቀሚሳችሁን የሰፋችላችሁ ሁሉ፣ አብራት ስትሰፋ ያኮረፈችው ሴትዮም ጭምር፣ ማንም እንዳይቀር፤ ግቢያችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን እህቴን በትልቁ እናያታለን፣ ሐሜቱን እኔ እተረጉማለሁ፣ እናቴም በፊተኛው ወንበር ተቀምጣ ትመልስላታለች። የፊታችን እሑድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ።