ቤታችንን ግራጫ ስላደረገው ፎቶግራፍ

ይድረስ ለተከበሩ የነባር ቤቶች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ ጤንነትዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ፣ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። አያቴ የሠሩትን ቤት ከውስጥም ከውጭም «ወደ ቀድሞ ግራጫ ቀለሙ» እንድንመልስ፣ እምቢ ካልንም ሰኞ ሠራተኞችዎ መጥተው እንደሚቀቡት የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈብን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መቀመጡም መቆሙም አልሆንልህ ብሎኝ ከክፍል ክፍል ስንቆራጠጥ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወሰንሁ።

፩. ጣሪያው ሲያፈስ፣ ወለሉ ሲበሰብስ ደጋግመን አቤት ብንል ብቅ ያላለው መሥሪያ ቤትዎ፣ በሩን ብርቱካናማ በቀባን ማግስት ባለሙያዎቹን በመኪና ጭኖ ስለላከልን ከልብ እናመሰግናለን። ለካስ እናንተ የምትጠሩት በማመልከቻ ሳይሆን በቀለም ኖሯል።

፪. ባለሙያዎችዎ የቤቱን የጥንት ቀለም ያረጋገጡት አያቴ ቤቱ ፊት ቆመው ከተነሡትና ሳሎን ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ መሆኑን እህቴ በትሕትና ብታስረዳቸውም፣ እነሱ የሚያምኑት ማስረጃን ብቻ እንደሆነ ነግረዋታል። በዚያው ፎቶግራፍ ላይ አያቴም፣ ዛፉም፣ ሰማዩም ግራጫ ናቸውና፣ የሰማዩን እድሳት በየትኛው ቢሮ በኩል እንደምናስፈጽም ቢጠቁሙን ውለታዎን አንረሳም።

፫. የመተላለፊያው ቢጫና ሰማያዊ የዳማ ንድፍ፣ የደረጃው ቀይ መስመር፣ የወጥ ቤቱ በር ትልልቅ ነጠብጣቦች «ለአንጋፋ ቤት የማይመጥን የልጅ ጨዋታ» ተብለዋል። ጨዋታነቱን አልክድም፤ እህቴ ስትስል ስንሳሳቅ ነው የዋልነው። ነገር ግን የእናቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ ዛሬ የሚለየው ደማቁን ብቻ ነው። ቀዩ ደረጃዋ ነው፣ ነጠብጣቡ ወጥ ቤቷ ነው፤ ግድግዳ እየዳበሰች፣ እኛን እየተጣራች ትኖር የነበረች ሴት ዘንድሮ ማንንም ሳታስቸግር ቤቷን እንደ ልቧ ትዞራለች። ሁሉም ግራጫ ከሆነ ግን ተወልዳ ባደገችበት ቤት እንግዳ ትሆናለች። ይህንን ሳስብ አንጀቴ ያርራል፤ ክቡርነትዎ ፊት በቀልድ የምሸፍነውም እሱን ነው።

፬. አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ሰኞ ስለ ደረሰ ትቼዋለሁ።

ለማይናወጠው ውሳኔዎና ለዚያች አንዲት ፎቶግራፍ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

የቤቱ ታናሽ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ቤቷ የመጣን ሰው በር ድረስ ሳትሸኝ ቀርታ አታውቅም። ሠራተኞችዎንም መሸኘት ስለምትፈልግ፣ እባክዎ ብርቱካናማውን በር መጨረሻ ላይ እንዲቀቡት ይዘዙልን፤ ከዚያ በኋላ አታገኘውም።