«ድንጋይ ተሸክመው ይምጡ»

እሑድ፣ ከትምህርት መልስ
ዛሬም ሰርዘዋቸዋል። ጠዋት ወንድሜ ደሴ በሞተር ምግብ ያደርስለት በነበረው ድርጅት ገጽ ላይ ያየኋቸው አስተያየቶች አንዱም የለም። የሥራ ጓደኞቹ ነበሩ የጻፉት። የደሴ ሞተር ፍሬን አይዝም፣ ደጋግመን ነግረናችኋል ብለው። መግለጫው ግን እዚያው ተቀምጧል፤ አደጋው የደረሰው «በሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» ነው ይላል። ደሴ! መንገዱ ባዶ ሆኖ እንኳ ቀይ መብራት የማይጥስ። ራማት ፖሌግ ሰፈር ምግብ ሊያደርስ ወጥቶ በዚያው ቀረ።
እማ ዕብራይስጥ አታነብም። በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ ዛሬም ጥፋቱን በልጄ ላይ ነው የሚያደርጉት? ገና እያጣሩ ነው አልኳት። እውነቱን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ደብተሬ።

ሰኞ
አጎቴ ባዬ ከቃዲማ መጣ። የበደለ ሰው ስልክ ውስጥ አይደበቅም፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይመጣል አለ። ጎንደር እንዲያ ነበር። ልቤ ሞቀ። ወዲያው በገጼ ላይ በዕብራይስጥ ጻፍኩ፦ ድንጋይ ተሸክመው ቤታችን ይምጡ፣ እንጠብቃቸዋለን።

ማክሰኞ፣ እረፍት ሰዓት
ጉድ ፈላ። ድርጅቱ ጽሑፌን ለጥፎታል። ቤተሰቡ በድንጋይ እየዛተብን ነው ይላል። ከሥሩ የስድብ መዓት። የደሴን ስም ላጠራ ብዬ ጭራሽ አጠቆርኩት።

ማታ
ለባዬ ነገርኩት። ሳቀ! «አንተ ጅል፣ ለፈረንጅ እኮ ከነማብራሪያው ነው የሚነገረው!» እማም ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ገና ዛሬ አየኋት።
እንደገና ጻፍኩ። ድንጋዩ የሚጫነው በበደለኛው ትከሻ ላይ ነው፤ የሚያወርድለት የተበደለው ነው። ማንንም አንመታም።

ሐሙስ
ማብራሪያዬን ሰው ሁሉ ተቀባብሎታል። የድርጅቱን ገጽ የምትይዘው ልጅ ሺራ ደወለች። አንተ ጽሑፍህን አጥፋ፣ እኛም የእኛን እናጠፋለን አለች። መጀመሪያ የፍሬኑን እውነት ተናገሩ አልኳት። ቆይ ብላ አለቆቿን አነጋገረች። ከዚያ ነገ መናሄሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይመጣል አለች። የደሴ አለቃ!

ዓርብ፣ የሻባት ሰንበት ሳይገባ
መጡ! መናሄሉ ግማሽ ብሎኬት ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አሳንሰር የሌለውን ደረጃችንን ወጥቶ፣ ነጭ ሸሚዙ አቧራ ለብሶ፣ እያለከለከ። ሺራ ከኋላው በስልኳ ትቀርጻለች።
«ልጄ፣ አስቀምጪው» አለቻት እማ። «ለእኔ ነው የመጣው ወይስ ለስልኩ?» ተረጎምኩላት። ሺራ ቀልታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።
መናሄሉ በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ። ፍሬኑ እንደተበላሸ ተነግሮት ነበር፤ አላሠራውም። ደሴ ጥፋት የለበትም። ለእማ ተረጎምኩላት። ከዚያ እሷና ባዬ ብሎኬቱን ከትከሻው አወረዱለት። «ውሃ ስጡት» አለች።
የድሮው መግለጫ አሁን ወርዷል። አዲሱ መግለጫ «ጥፋቱ የእኛ የድርጅቱ ነው» ይላል፣ ከነደሴ ስም። ለእማ በአማርኛ አነበብኩላት። ድገመው አለች። ደገምኩት። ሻማዋን ልታበራ ተነሣች፣ ምንም ሳትጠይቀኝ። ኡፍ! ደረቴ ቀለለኝ።
ስልኬ አላረፈም። እውነት ተሸከመ? ፎቶ የለህም? ቪዲዮስ?
አልመልስላቸውም። ያ የእማ ነው።