ሰውየው ሐረር ሄደ አልሽ

ሰርካዲስ፣

አቦ ቤታችን እንዴት እንዳማረ አየሽው?! ከመንገድ ማዶ ቆሜ አስር ጊዜ አየሁት ወላሂ! የአያታችን አሮጌ ቤት እኮ አይመስልም። ቢጫው ግድግዳ፣ አረንጓዴዎቹ መስኮቶች... ጋሽ ተሰማ ባጃጃቸውን አቁመው «ቤቱ ራሱ ሊያገባ ነው እንዴ?» አሉኝ። በሳቅ ሞትኩ!

ሳቄ ግን ትናንት አለቀ።

የእጮኛሽ እህት ማርቲ «ማን ቀባላችሁ?» ስትልሽ እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ፣ ፀጉሬ ሁሉ ቀለም። «ሠራተኛ ቀጥረን» አልሻት። «በናትሽ ስልክ ቁጥሩን ስጪኝ» ስትልሽ ደግሞ «ሰውየው ሐረር ሄደ»!

ሰውየው!

አራት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ የዋልኩት እኔ ነኝ። «እህቴ ናት የቀባችው» ማለት ይሄን ያህል ያሳፍራል?

ለማንኛውም እኔ ሳቢያን ሰፈር አክስታችን ጋ ነኝ። አትደውይ።

መስኮቶቹ ሁለተኛ ዙር ይቀራቸዋል። ፀሐይ ሳትወጣ ጨርሺ፣ ከሞቀ ቀለሙ ይነፋፋል። ብሩሹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሬዋለሁ።

እና ደግሞ...
የግድግዳው ቢጫ ኖራ ውስጥ፣ እንዲይዝ፣ ጨው መጨመር ረስቻለሁ። ልብስ ላይ ይለቃል። እንግዶችሽ ሳይመጡ ላድርስልሽ ብዬ ስጣደፍ ነው። እሱ የኔ ጥፋት ነው፣ እሺ።

ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አግዳሚውን ከግድግዳው አርቂው። ረስተሽው ነጭ ጋቢያቸው ቢጫ ከሆነና «ማነው የቀባው?» ካሉሽ፣ ያኔ ገና ትዝ ብዬሽ ስሜን እንዳትጠሪ።

ዮርዲ