ስለ አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስና ከደጄ ፊት ስላለው ባለ ስድስት መስመር መንገድ

ለሳልት ዌልስ ከተማ የሕዝብ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር
ለክቡር አቶ ሌላንድ ፕሩዊት
ሳልት ዌልስ፣ አሪዞና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመኪናዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። ጺሜን ራሴ እላጫለሁ፣ እንቁላሌን ራሴ እጠብሳለሁ፣ የሰፈሩን ቢላዋ ሁሉ እስላለሁ፣ በየዓመቱ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ጣሪያ ላይ ወጥቼ የቤቱን አየር ማቀዝቀዣ እጠርጋለሁ፤ ስወርድ ብቻ መሰላሉን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። ባለቤቴ ዊኒ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ካልሲ አጥቦልኝ አያውቅም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ በትዕግሥት ያልፉኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ እኔም መሥሪያ ቤትዎን ስንት ዓመት በትዕግሥት አልፌዋለሁ። ፊደሌ የገዘፈውም ክቡርነትዎ ላይ ለመጮኽ ሳይሆን፣ በወፍራም ማርከር ካልሆነ የጻፍኩት ስለማይታየኝ ነው።

የማልችለው አንድ ነገር መንዳት ነው። ግራ ዓይኔ ጠፍቷል፤ ቀኙ በመርፌ ነው የሚኖረው። መንጃ ፈቃዴን ከሁለት ዓመት በፊት ወሰዱብኝ። ፒካፔን ግን አልሸጥኩትም፤ በየቅዳሜው ሞተሩን አስነስቼ አሥር ደቂቃ አዳምጬ አጠፋዋለሁ። እሱም እኔም ግቢ ውስጥ ነን።

ባለፈው ሰኞ ፌርማታችን ምሰሶ ላይ የለጠፉልንን ወረቀት በአጉሊ መነጽር አነበብኩት። አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ «በተሳፋሪ ማነስ ምክንያት» ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ጀምሮ እንደሚቋረጥ፣ አስተያየት ያለው ነዋሪም ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በአዲሱ የስብሰባ አዳራሽ እንዲገኝ በአክብሮት ጋብዘውናል። ከግርጌውም «በቂ ነጻ የመኪና ማቆሚያ አለ» ይላል። የመጨረሻው አሥራ አራት ቁጥር በእኛ በኩል የሚያልፈው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰኝ የለም። ስለ አውቶቡሱ ሞት የሚመከረው አውቶቡሱ ከተኛ በኋላ መሆኑ ለሐዘንተኞች የታሰበ ደግነት ይመስለኛልና አመሰግናለሁ። መምጣት ስለማልችል ግን አቤቱታዬን በዚህ ደብዳቤ በቁጥር አቀርባለሁ፤ አንዱን ቅጂ ለጋዜጣ ልኬዋለሁ፣ ሌላውን ከእርስዎ ወረቀት አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ። በየአራት ሳምንቱ ረቡዕ ዓይኔን መርፌ የምወጋበት ክሊኒክ ያለው በዚሁ መንገድ መጨረሻ፣ የአሥራ አራት ቁጥር ማዞሪያ ላይ ነው። ሐኪሟ «አንድ ቀጠሮ ቢያመልጥዎ ለሚቀጥለው መንገዱን የሚያዩበት ዓይን ላይኖርዎት ይችላል» ብላኛለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ «መስመር» ብለው የሚጠሩት ነገር እኔ ዘንድ ዓይን ይባላል። ልጄ ዳርላ ኦሃዮ ነው የምትኖረው፤ ማስታወቂያውን በስልክ ሳነብላት፣

«አባዬ፣ አውቶቡሱ ቆመ ማለት አንተም ቆምክ ማለት ነው። መጥቼ እወስድሃለሁ፣ አለቀ። ክፍልህንም ቀለም አስቀብቼዋለሁ» አለችኝ።

«ምን ቀለም?»

«ቢጫ።»

«ቢጫ አልወድም።»

«ወደድክም ጠላህ አታየውም!» አለችና ወዲያው ማልቀስ ጀመረች።

ክፍሉን አውቀዋለሁ። መስኮቱ የሚያየው የጋራዥ በር ነው። ልጄ ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። ግን በገዛ እጄ ከሠራሁት ቤት ወጥቼ የጋራዥ በር ሲከፈትና ሲዘጋ እያዳመጥኩ እንድሞት የፈረዱት ክቡርነትዎ መሆንዎን እንዲያውቁ ፈለግኩ።

ሁለተኛ። ፌርማታው። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በደህናው ዓይኔ ይታየኛል፤ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። ይሁንና አርባ ሁለቱ እርምጃ ስድስት መስመር አስፋልት ነው፤ መኪናው ደግሞ እንደ ጥይት ነው። መብራት ያለው ማቋረጫ ወደ ሰሜን ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። እዚያው ልሳፈር እንዳልል፣ መብራቱ ጋ የነበረውን ፌርማታ ወደ ቀኝ የሚታጠፉ መኪኖችን ያዘገያል ብላችሁ አንስታችሁታል። ስለዚህ ደጄ ላይ ያለው ፌርማታ ጋ ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ ተሻግሬ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር እመለሳለሁ፤ መንገዱ ዳር ካለው ፍራሽ መሸጫ ወዲያ የእግረኛ መንገድ ስለሌለ በአቧራው ውስጥ ነው የምሄደው። ስመለስ በእኔ በኩል ያወርደኛልና እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ዕድሜ ሐኪም ሳያዝልኝ ስፖርት ያዘዘልኝ ብቸኛ መሥሪያ ቤት የእርስዎ ነው።

ሙቀቱ አርባ ስድስት ዲግሪ በደረሰበት ሳምንት ግን መሄድ አልቻልኩም። ያን ረቡዕ ክፍተት ጠብቄ በእኔ በኩል ያሉትን ሦስት መስመሮች ተሻገርኩና መሐል ያለው ቢጫ ቀለም ላይ ቆምኩ። ሹፌሯ አየችኝ። ስሟን አልነግርዎትም፤ ለማጣራትም አይድከሙ። አውቶቡሱን አግድም አቁማ የቀሩትን ሦስት መስመሮች ዘጋችልኝና በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ሚስተር ኦርቪል፣ ይሩጡ አልልም፤ ግን ሽርሽር የወጡ አይምሰሉ!» አለችኝ። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ነፋ። ከሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያን ያህል ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ሦስተኛ። ጥላ። ፌርማታችን ላይ ያለው አንድ ምሰሶ ነው። ጣሪያ የለው፣ ወንበር የለው። እኛም ሥርዓት አበጅተናል፤ በምሰሶው ጥላ ልክ አንዱ ከአንዱ ጀርባ እንሰለፋለን፣ ዕድሜው የገፋ ወደ ምሰሶው ይጠጋል፣ ፀሐይዋ ስትዞር ሰልፉም አብሮ ይዞራል። ከሩቅ ያየን የፀሐይ ሰዓት እንመስለዋለን። ከእኔ ቀጥላ የምትቆመው የሆቴል ልብስ አጣቢዋ ቤርኒስ ናት፤ «ሚስተር ኦርቪል፣ ሆድዎን ይሰብስቡልኝ፣ ጥላዬን በሉብኝ!» ትለኛለች። እኔ የቆምኩት በጎኔ ነው፤ ከዚህ በላይ የምሰበስበው የለኝም።

የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ፤ አራተኛ ይሁን። ቆጠራው። የተሳፋሪ ቆጣሪ አድርገው የላኩት ወጣት ሰውዬ የመጣው በዚያው አርባ ስድስት ዲግሪ ሳምንት ነበር። መኪናውን ፍራሽ መሸጫው ግቢ አቁሞ፣ መስታወት ዘግቶ፣ ቀዝቃዛ አየር ከፍቶ ከሩቅ ቆጠረን። ቤርኒስ «ይሄ ሰውዬ ስንት እንደቀረን ነው ወይስ ስንት እንደሞትን የሚቆጥረው?» አለች። አውቶቡሱ ውስጥ አንድም ቀን አልገባም። ሬዲዮ ሁሉ «ከቤት አትውጡ» እያለ በሚለምንበት ሳምንት ሦስት ሰው ምሰሶ ሥር መገኘቱን እኔ ብሆን ብዙ እለዋለሁ፤ እናንተ ግን ትንሽ ብላችሁታል። የተማረው እናንተ ናችሁ።

መሥሪያ ቤትዎም ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ደግ ነበረች፤ ወደ ስብሰባው እንዴት እንደምመጣ ስጠይቃት የትኛው በር በኩል ማቆም እንዳለብኝ በዝርዝር አስረዳችኝ። «ልጄ፣ መኪና አልነዳም» አልኳት። «ታዲያ ማን ነው የሚያመጣዎት?» «እሱን ነው እኮ የምጠይቅሽ።» ቀጥላ በእጅ ስልክ የሚጠራ ትንሽ የከተማው መኪና እንዳለ ነገረችኝ። የእኔ ስልክ ግድግዳ ላይ የተቸነከረ ነው፤ አልተነቀለልኝም።

ክቡር ሆይ፣ ሞኝ አይደለሁም። ከተማችን ለአውቶቡስ ሰፊ ናት፤ ቤቱ ከቤቱ ተራርቋል፣ ሱቁ ሁሉ ከመኪና ማቆሚያ ሜዳ ጀርባ ተደብቋል፣ የያንዳንዱን ሰው ደጅ የሚያንኳኳ አውቶቡስ በዓለም ላይ የለም። ነገር ግን አንድ ቀጥ ያለ ረጅም መንገድ አለን፤ ክሊኒኩ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ሆቴሎቹ ሁሉ እሱ ላይ ናቸው። በእሱ ላይ በሰዓት አንዴ ሳይሆን በየሩብ ሰዓቱ ቢመላለስ፣ ጥላ ቢኖርና ሰው ሳይሞት መሻገር ቢችል ይሠራል። ተሳፋሪ የጠፋው አውቶቡሱ ስለጠፋ ነው፤ ደግሞም መሻገሪያ ስለሌለ ነው።

መሻገሪያው ለምን እንደሌለ ደግሞ ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ይህን መንገድ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።

ከአርባ አምስት ዓመት በፊት የአስፋልት ቡድኑ ፎርማን ነበርኩ። የመንገዱ ንድፍ ሥዕል ላይ፣ አሁን ቤቴ ካለበት ፊት ለፊት፣ ዜብራና መሐል ላይ ሰው ቆሞ የሚያርፍበት ትንሽ አካፋይ ነበረ። አንድ ቀጭን መሐንዲስ ሥዕሉን ይዞ መጣና «እዚህ ጋ ቦታ ተዉ» አለን። ቀኑ ዓርብ ነው፣ አስፋልት የጫኑት መኪኖች ቆመዋል፣ ጭነቱ ሊቀዘቅዝ ነው። እኔ ሳቅኩበት። «ማን ነው እዚህ በእግሩ የሚሄደው? ጥንቸል?» አልኩት። ቡድኑ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ፊቱ ቀላና በእርሳሱ ሰረዘው። እኛም ሳንቆም አለፍንበት፤ እንዲህ ልስልስ ያለ አስፋልት አንጥፌ አላውቅም።

ዊኒ መንዳት አታውቅም ነበር። የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ደወሉ ሳሎናችን ድረስ ይሰማል። በየሐሙሱ ባርኔጣዋን አድርጋ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሥራ እስክመጣ ትጠብቃለች፤ ዘግይቼ ስመጣ መዝሙሩ አልቆ ይሆናል። በሩን ስከፍት «የእስር ቤቱ ኃላፊ መጡ» ትላለች። እኔ እስቃለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳቅኩ። አሁን እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው፤ ደወሉም ተደውሏል።

ስለዚህ ከእርስዎ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መስመሩን አይዝጉት፤ ስብሰባውንም በእኩለ ቀን ምሰሶው ሥር ያድርጉት፤ ጥላው ውስጥ ከእኔ በፊት አስቆምዎታለሁ። የቀረውን አልጠይቅም። የቀረው የእኔ ዕዳ ነውና ራሴው እከፍለዋለሁ።

የሦስት በጋ ጥላዋን ለተካፈልኳት ለቤርኒስ፣ የፒካፑን ሸራ አውርጄ ምሰሶው ላይ እወጥርላታለሁ። ስሟን ለማልነግርዎት ሹፌር፣ ቢላዎቿን ስዬ ጨርሻለሁ፤ አፌንም ዘግቻለሁ። ለዳርላ፣ ስለ ቢጫው የተናገርኩትን ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ኦሃዮ ግን አልሄድም። ለዚያ ቀጭን መሐንዲስ፣ በሕይወት ካለና ይህን ካነበበ፦ ልጄ፣ ልክ ነበርክ፤ ጥንቸሉ እኔ ነኝ። ለዊኒ ደግሞ አርባ ሁለት እርምጃ አለብኝ። ጋራዤ ውስጥ አራት ቆርቆሮ ነጭ የመንገድ ቀለም፣ ሰፊ ሩሎ፣ ሲባጎና አሥራ ሁለት ብርቱካናማ የመንገድ መዝጊያ ኮን አለ። ለቀጥታ መስመር አንድ ዓይን ይበቃል።

መስታወቱ በማይወርድ መኪናዎ ውስጥ ሆነው ይህን ለማንበብ ስለፈቀዱ፣ ከመንገዱ ወዲህ ካለው በረንዳ ላይ ባርኔጣዬን አንስቼ፣ በማይታይዎት ቦታ በማያልቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ፤

የቀድሞ የአስፋልት ፎርማን፣ የአሁኑ ተሳፋሪ
ኦርቪል ሀስኪንስ

ማስታወሻ፦ ዜብራውን የምቀባው በሚመጣው እሑድ ረፋድ አራት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ሊያስቆሙኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ በአሥራ አራት ቁጥር ይምጡ። እሑድ ስለማይሠራ የሚደርሱት ሰኞ ነው፤ ቀለሙም ያን ጊዜ ደርቆ ይጠብቅዎታል፣ ይሻገሩበታል።