አሜን ያለው ስልክና የአባ ባና

ለእታለሜ ለኸዲጃ

አሰላሙ አለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ማቀዝቀዣው ያመጣብሽ የትከሻ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሳሻል? እዚያ ሙቀቱ፣ እዚህ የጥር ውርጩ፤ አላህ መሐል ላይ ቢያገናኘን ምን ነበረበት! እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከብርዱና ከጋሽ ሃሩን ምክር በቀር ምንም አልነካንም። በወረቀት የጻፍኩልሽ ድምፅ ቀድቼ ስልክልሽ ጋሽ ሃሩን አጠገቤ ተቀምጠው ስለሚያዳምጡ ነው። ይህ ወሬ ደግሞ የእርሳቸው ነው። ወደ ጅዳ የምትመለሰው ኑርጃን ታደርስልሻለች።

የአባን ነገር ታውቂዋለሽ። እማና ጎረቤቶቿ የበጉን ጸጉር ይፈትላሉ፣ እርሱ ይሸምነዋል፣ ከዚያ ያ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባናው፣ በሙቅ ውሃ እየተረገጠ ጥብቅ ይላል። ገዥ ሲመጣ አባ ብዙ አያወራም። ባናውን ይወጥርና አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሶበት ከሥሩ ደረቅ መዳፉን ያሳያል። ማስታወቂያው ይኸው ነበር። ዘንድሮ ግን ገበያው በፋብሪካ ብርድ ልብስ ተጥለቀለቀና ባናችን እንደ ክምር ተቆልሎ ቀረ። እማ ሴቶቹን "እስቲ ለጊዜው መፍተሉን ተዉት" ልትላቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚሁ ፈትል የሚያድር ስድስት ቤት ማለት ነው።

ይሄኔ ታላቅ አጎታችን ጋሽ ሃሩን ደሴ ወርደው የግማሽ ቀን ሥልጠና ወስደው መጡ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ እኛ ኤአይ የምንለውን ማለቴ ነው። ሰርተፍኬቱን ከካዕባው ሥዕል ጎን ሊሰቅሉት ሲሉ እማ ባትከለክላቸው ኖሮ ዛሬ ሁለቱንም እያየን እንሰግድ ነበር። አንቺ በላክሽው ስልክ እርሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ጋሽ ሃሩን ደግሞ ሳይመርቁ ምንም አይጠይቁም። "አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ እስቲ ለባናችን ማስታወቂያ ጻፍልን" ብለው አስጻፉኝ። ስልኩም "አሜን፣ እርስዎንም ይጠብቅዎ" ብሎ መለሰ። በቃ፣ አለቀልን! "አሜን ያለ አፍ ይዋሻል እንዴ?" አሉና ከዚያ ወዲያ የሚለውን ሁሉ ሳያኝኩ ዋጡት።

ማስታወቂያው የመቅደላው ንጉሥ ሳይቀሩ የእኛን ባና ይደርቡ እንደነበር አወጀ። አባ ሲነበብለት "እኔ ንጉሥ አላለበስኩም፣ አባቴም አላለበሰም" አለ። ጋሽ ሃሩን "አንተ በምን አወቅህ? አምባው ላይ ብርድ ነበር እኮ!" ብለው አለፉት። ስልኩ አብሮ የሠራው ሥዕልማ አይወራም። ባናው እንደ ሐር ያብለጨልጫል፣ ጽጌረዳ ተጠልፎበታል፣ ከጀርባው በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል። አባ ታላቅ ወንድሙን ላለማሳፈር ወደ ሥራው ተመለሰ። እየሳቅሁ ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን አልደብቅሽም።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አልታዬ የሚባሉ፣ ደሴ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሴት "ልክ እንደ ሥዕሉ ሠላሳ ባና እፈልጋለሁ፤ ቅዳሜ ራሴ መጥቼ አያለሁ" ብለው ጻፉ። እማ እልል አለች። ከዚያ ሁላችንም ዞረን ክምሩን አየነው። ጥቁርና ቡናማ፣ እንደ ደጋ ጭቃ የወፈረ፣ አንድ ጽጌረዳ የሌለው። ጋሽ ሃሩን መጀመሪያ "ቀለም እንንከረው" አሉ፤ ቆይተው "እንግዲያው ጨለም ሲል እናሳያቸው" አሉ። አባ እህል አልቀመሰም። "ሠላሳ ዓመት ያመነኝ ሰው ምን ይለኛል?" ብቻ አለ።

እኔም "አባ፣ ሳይመጡ እንንገራቸው" አልኩት። ጋሽ ሃሩን ተነሡብኝ፤ "ገዥን በገዛ እጅ ማባረር! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!" አሉ። "ጋሼ፣ ይሄን ያቦካው እኮ ስልኩ ነው፤ ዕድሜውም ከእኔ ያንሳል" አልኳቸው። አባ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና "ጻፊ" አለኝ።

ሥዕሉን የሠራው ኤአይ መሆኑን፣ የንጉሡ ወሬ ማስረጃ እንደሌለው፣ ይቅርታም እንደምንጠይቅ ጻፍኩ። ባናውን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ጠርዙ የተንሻፈፈውንም ሳልደብቅ ፎቶ አነሳሁ። አባ ውሃ ሲያፈስ ቀርጬ ላክሁ፤ የድሮውን ማስታወቂያ አጠፋሁ። ሁለት ቀን መልስ የለም። ጋሽ ሃሩን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ኩርምት ብለው "አላልኳችሁም?" ይላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሚኒባስ አቧራውን እያቦነነ ደጃችን ቆመና ወይዘሮ አልታዬ ወረዱ። ጋሽ ሃሩን "የዙህር ሰላት ደረሰብኝ" ብለው በጓሮ ወጡ፤ ቀትር ሳይደርስ፣ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ሴትዮዋ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ጣሳውን ትተው ሙሉ ጆግ ውሃ አነሱና ባናው ላይ ገለበጡት። ቆዩ። እጃቸውን ከሥር ሰደዱ። ደረቅ! ከዚያ ሳቁና "በዚህ ሳምንት አራት ሻጭ ሥዕል ላከልኝ፤ አራቱም ጋ ያው ተራራ ቆሟል። ሥዕላችን እውነት አይደለም ያለኝ ግን ይህ ቤት ብቻ ነው" አሉ። ሠላሳው አርባ ሆነ እልሻለሁ! ስድስቱም ቤት እየፈተለ ነው፤ ጸጉሩ አልቆብን ከማሻ ገበያ እያስመጣን ነው።

ኤአዩን አላባረርነውም። ለውጭ አገር ሰው በእንግሊዝኛ ይጽፍልናል፤ ለአርባ ባና ስንት በግ እንደሚሸለትም ያሰላል፣ አባ ደግሞ በጣቱ ቆጥሮ ያርመዋል። ግን ሕግ ወጥቶለታል። የዕቃችንን መልክ ካሜራ እንጂ እርሱ አይሠራም፤ የደንበኛ ስልክና አድራሻ አይነገረውም (ጋሽ ሃሩን ደብተሩን እንዳለ አንስተው ሊሰጡት ነበር!)፤ እርሱ የጻፈውም ከቤታችን ሰው ሳያነበው ከደጅ አይወጣም። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ጋሽ ሃሩን አሁን ስልኩን ይዘው ፊቴ ይቆማሉ፤ እኔም ትንሽ አስቆማቸዋለሁ።

ወይዘሮ አልታዬ ሊሄዱ ሲሉ መልእክቱን ማን እንደጻፈው ጠየቁ። አባ ሰው ስለ እኔ በጠየቀው ቁጥር "ይቺ ምላሰኛ፣ ይቺ ሙጢ" ነበር የሚለኝ። ያን ቀን ግን ከ"ሰላታቸው" በተመለሱት ጋሽ ሃሩን ፊት "ልጄ አርዋ ናት። የዚህ ቤት ቃል በእርሷ ነው የሚወጣው" አለ። እኔም ደብተሩን ገለጥኩና የአርባውን ባና ትእዛዝ በራሴ እጅ ጻፍኩ።

እማ ዓይንሽን ትስማለች፤ ለራስሽም አንድ ባና አስቀርታልሻለች። አባ "በሰላም ያግባሽ" ይልሻል። ፈታዮቹ ሁሉ በየስማቸው ሰላም ብለውሻል። ጋሽ ሃሩንም ሰላም ብለዋል፤ ድሉ የእርሳቸው እንደሆነ እንድጽፍልሽ አዝዘውኛል፣ ይኸው ጽፌያለሁ። አብራሽ ለምትኖረው ለአሚራና ለምታሳድጊያቸው ሕፃናት ሰላምታዬ ይድረስ። አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እህትሽ አርዋ
መካነ ሰላም፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.