ለ«የሰም እጅ» ጥብቅና

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 7

ዝናብ። አውቶቡሱ ዘገየብኝ። መጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ ስደርስ ኮቴን ሳላወልቅ ጭቅጭቁ መሃል ገባሁ። እንግዲህ ወቅቱ ደረሰ… የደካማው ክፍል ወቅት። አሥራ ምናምን ሽማግሌና አሮጊት ከሃምሳ ዓመት በፊት ያለቀ የስለላ ድራማ ይዘን፣ ከሠላሳ ዘጠኙ ክፍል የማይረባው የትኛው ነው ብለን ልንፋጅ ነው። ሰው ቢሰማን ምን ይለናል? ደግሞ እኮ ድራማውን፣ «ዝናብ ቢሮ»ን፣ ከኛ በላይ የሚወድ የለም። የማይወደውን ነገር እንከን ማን ቁጭ ብሎ ይለቅማል?

ባለ መነጽር ቤቱ ሱሬሽ እንደ ልማዱ በበቀቀኑ ጀመረ። በቀቀን የጠላትን ሚስጥር የሚለፈልፍበት ክፍል ነው።

«ክንፉን የሚጎትቱበትን ክር በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

«መነጽር ስለምትሸጥ ነው» አልኩት። «እኛ ድሆቹ በቀቀን ብቻ ነው ያየነው።»

ወይዘሮ ኖሪን፣ የክበባችን ሊቀ መንበር፣ የበረሃውን ክፍል ያዙ። «በረሃ ተብሎ ሰላዩ ላድሎ ባወራ ቁጥር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። በዚያ ላይ ግመሏ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ለግመሏ ነው ያዘንኩት።» ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ርእሰ መምህርነቱ ዛሬም አልለቀቃቸውም።

«አንቺስ ጊሊያን?» አሉኝ። «አሁንም ደካማው ክፍል ‹የሰም እጅ› ነው ባይ ነሽ?»

«አሁንም ነኝ።»

ሁሉም ባዶውን የሮላንድን ወንበር ላለማየት ሻዩን ማየት ጀመረ።

ሮላንድ ታላቅ ወንድሜ ነው። ክበቡን የመሠረተው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «የሰም እጅ» በአንድ ድምፅ ብልጫ የዓመቱ ደካማ ሲባል፣ ያቺ አንዷ ድምፅ የኔ ነበረች። አልጮኸም። ኮቱን ለበሰና «ጊሊ፣ አንቺ ይህን ክፍል አላየሽውም» ብሎኝ ደረጃውን ወረደ። በሰው ፊት። እኔን… አባባ ድራማውን የቀዳባቸውን ካሴቶች በቃሌ የማውቀውን! ከዚያ ወዲህ በየገናው ካርድ ይልካል። ስሙን ብቻ ፈርሞ።

ወይዘሮ ኖሪን ደንቡን አስታወሱን። ደንቡም የሮላንድ ነው። አንድን ክፍል ደካማ ነው የሚል ሰው አስቀድሞ ቆሞ ጥብቅና ይቆምለታል። እንቁላል ስንቀቅል የምንገለብጠው የአሸዋ ሰዓት ፈስሶ እስኪያልቅ።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ያንቺው ጥብቅና ለይስሙላ ነበር» አሉኝ። «ዘንድሮ ከልብሽ ትቆሚለታለሽ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ሮላንድ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው አይደል? ታዝማኒያ። ጠቅልሎ።»

«አዎ» አልኩ። አልሰማሁም ነበር።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

ታዝማኒያን ካርታ ላይ ፈለግኳት፤ ከአውስትራሊያ በታች ናት። ከሷ ወዲያ በረዶ ብቻ ነው ያለው።

ሥራ ፈትቼ ደረጃው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ወለወልኩ። አባባ፣ እማማ፣ ሮላንድ በትምህርት ቤት ኮፍያው፣ ሕፃኑ ኪት። ኪት ታናሼ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ እኔ ራሴ ሦስት ዓመቴ ነበር። አላስታውሰውም። ቤታችን ስሙ አይነሣም ነበር።

ለሮላንድ ልደውል? ምን ብዬ? ሂያጅ ነህ አሉ ብዬ? እሱስ ለምን አይደውልም?

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ጥብቅናውን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ለምኑ ነው ጥብቅና የምቆመው? ታሪኩ እኮ… ላድሎ የባሕር ጠረፍ ላይ አንዲት አሮጊት ቤት ክፍል ተከራይቶ ያርፋል። የሆነ ቦታ የተደበቀ የሚስጥር ፎቶ ፊልም ይፈልጋል። ጠላቶቹ የሚመጡበት ሰርጓጅ መርከብ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነው፤ ቧንቧው ሁሉ ይታያል። ከዚያ ላድሎ ከአሮጊቷ ጋር ራት ሊበላ ይቀመጣል። ወዲያው ጀልባ ላይ ነው። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ያለቅሳል። ለምን ያለቅሳል? እጁን ምን ነካው? ፊልሙን ከየት አገኘው? የጻፈው ሰውዬ ጠጥቶ ነበር እንዴ? ስንት ዓመት ስስቅበት ኖርኩ። አሁንም ሳስበው ሳቄ መጣ።

ሆኖም ለደንቡ ስል አንዴ ልየው ብዬ ከፈትኩ። የአባባን ቅጂ። እማማና አባባ ካለፉ ወዲህ ከካሴት ወደ ዲስክ ያስገለበጥኩት ነው። ድራማው በ1980ዎቹ እንደገና ሲታይ አባባ ጣቱን የመቅጃው ቁልፍ ላይ አድርጎ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ እያቆመ፣ ሲያልቅ እየለቀቀ ነበር የቀዳው። በሠላሳ ዘጠኙ ክፍል አንድ የሳሙና ማስታወቂያ የለም። እንዴት ይኮራበት ነበር!

ዲስኩ ግማሽ ላይ ተንተባተበ፣ ቆመ። በሸሚዜ ጠረግኩት። እምቢ አለ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19

ሱሬሽ ጋ ሄጄ የራሱን ዲስክ ተዋስኩ። ሱቅ የሚሸጠውን፣ ጥርት ያለውን።

«ስንት ዓመት ሙሉ ግዢ ስልሽ?» አለኝ።

«የአባባ አለኝ ስልህስ?»

«የአባትሽ ይሻላል፤ እሺ። ግን በቀቀኑንም በዚያው እይልኝ። ክሩን።»

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ግን ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጠብሼ፣ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። ገንዳው መጣ፤ ሳቅሁ። ራቱ መጣ። አሮጊቷ ሾርባ ቀዳች። አሁን ጀልባው ይመጣል ብዬ ዳቦዬን ጎረስኩ… አልመጣም። አሮጊቷ ማውራት ጀመረች።

እኔ የማላውቀው ነገር። ሌላ የሰው ልጅ ሁሉ የሚያውቀው።

ልጅ ነበራት። አድጎ የላድሎ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሆኖ የሞተ። ሕፃን ሳለ በዓመት በዓል ገበያ እጁን ሰም ውስጥ ነክረው ቅርጹን አውጥተውላት ነበር። ትንሽዬ የሰም እጅ። ከመሞቱ በፊት ፊልሙን የደበቀው እዚያች ውስጥ ነው። ላድሎ መስበር አለበት፤ አልቻለም። አንሥቶ መልሶ ያስቀምጣታል። አሮጊቷ «አምጣት» ትለዋለች። ራሷ ሻማ ላይ ይዛ ታቀልጣታለች፣ ጣት በጣት። መጨረሻ ላይ ላድሎ የሚፈሰውን ሰም በእጁ ይቀበላል፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳይንጠባጠብ። እጁ የተቃጠለው ለዚያ ነው። ያለቀሰውም።

ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ።

ሮላንድ አላየሽውም አለኝ። እውነቱን ነው። ስድብ መስሎኝ ነበር እኮ… ሁለት ዓመት ሙሉ።

አባባ ማስታወቂያ ሲመጣ አቁሞ ሻይ ሊያፈላ ተነሥቶ ይሆናል። ሲመለስ አልፎታል። አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ አጣላን ማለት ነው?

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ደወልኩ። ሁለቴ ዘግቼ፣ በሦስተኛው ጠበቅሁ።

«ሮላንድ? እኔ ነኝ።»

«ምን ሆንሽ? ታመምሽ?»

«አየሁት።»

ቴሌቪዥኑን ሲቀንስ ይሰማኛል።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ሐሙስ ነይ» አለ። «ወንበር አልቀረኝም፤ ካርቶን ላይ ትቀመጫለሽ።»

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26

ቤቱ ባዶ ሆኗል። መጋረጃ እንኳ የለም። ሮላንድ ከስቷል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ቺፕስ ገዝቶ ጠበቀኝ፤ ከነወረቀቱ ካርቶን ላይ ዘርግተን መብላት ጀመርን።

ስለ ማንቆርቆሪያው ነገርኩት። ሳቅ ብዬ ነው የነገርኩት። እሱ አልሳቀም።

«አባባ ሻይ ሊያፈላ አልሄደም ጊሊ። እዚያው ነበርኩ፣ ሶፋው ላይ። ለእረፍት መጥቼ። አሮጊቷ ማውራት ስትጀምር አባባ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። መቅጃውንም አቆመ። እማማ ክፍሉ ውስጥ ነበረች።»

«እና?»

«እና… መጀመሪያ የታየ ጊዜ የሆነውን አይቷላ። አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነው፣ ተኝተሻል። እኔ አሥራ አንድ። ሦስታችን እያየን ነው። የሰሟ እጅ መቅለጥ ስትጀምር እማማ ብድግ ብላ ወጣች። ፈራች ብዬ። ተመልሳ መጣች፤ የኪትን ጓንት ይዛ። አንዷን ብቻ። ድራማው እስኪያልቅ ጣቷን አስገብታባት ተቀመጠች። አውራ ጣቷ ብቻ ነው የገባላት።»

የቀረው ቺፕስ በረደ። ማናችንም አልነካነውም።

«አባባ ምንም አላላትም» አለ። «እኔን ኩሽና ወስዶ ‹ለጊሊ እንዳትነግራት፣ ትንሽ ናት› አለኝ።»

«ሮላንድ፣ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው።»

«አውቃለሁ። መቼ እንደምታድጊ አልነገረኝም።»

ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ያንን ክፍል ደካማ ነው ባልኩ ቁጥር ምን ይሰማው ነበር? ያቺን ጓንት ብቻውን ይዞ ኖረ። እኔ ደግሞ ስለ ገንዳው እቀልድ ነበር… እንዴት ብዬ አውቃለሁ? ማንም አልነገረኝ። ተናድጄበታለሁም። እማማ እያለች ባውቅ አንድ ቀን እጇን እይዛት ነበር። ይህንንም ነገርኩት። «ልክ ነሽ» አለ።

ወደ ቤት በባሕሩ ዳር በእግሬ ተመለስኩ። ባሕሩ ጎድሎ ውሃው ሩቅ ሸሽቷል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

መጣ። ወይዘሮ ኖሪን ሮላንድን ሲያዩት «ዘግይተሃል» ብቻ አሉት፤ ለሁለት ዓመቱ። ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ሱሬሽ ለበቀቀኑ ጥብቅና ቆመለት። «ቢያንስ ጽሑፉን አልረሳም፤ ከተዋንያኑ ሁሉ እሱ ብቻ» አለ። ከዚያ እኔ። ስለ ኪት አልተናገርኩም፤ የኛ ነው። የአባቴ ቅጂ ይህን ቦታ አልያዘም፣ እኔም ሳላየው ኖሬያለሁ አልኩ። ስለ ራቱ ተናገርኩ፣ ስለ ሻማው፣ ያ ሁሉ ጀግና የሚባል ሰው መስበር አቅቶት እናትየዋ ራሷ ስለማድረጓ። አሸዋው ሊያልቅ ነው። ወይዘሮ ኖሪን እጃቸውን ዘርግተው ሰዓቱን በጎኑ አስተኙት። አሸዋው ቆመ። በክበቡ ታሪክ ሆኖ አያውቅም።

«ጨርሺ» አሉኝ።

ጨረስኩ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። እኔ ለበረሃው ሰጠሁ። «የሰም እጅ» ግን እንደገና በአንድ ድምፅ ብልጫ የዓመቱ ደካማ ሆነ። ወረቀቶቹ ሲገለጡ «የሰም እጅ» የሚል የሮላንድን ድብልብል ጽሕፈት አየሁ።

«አንተ ነህ?» አልኩት ደረጃው ላይ። «ያን ያህል ካስለቀስከኝ በኋላ?»

«ገንዳ እኮ ነው ጊሊ። ቧንቧው ይታያል።» ክንዴን ያዘ፤ ደረጃው ያስቸግረዋል። «መቼ ጥሩ ነው ወጣኝ? አላየሽውም ነው ያልኩት።»

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

ባቡር ጣቢያ ሸኘሁት። ሳንድዊች አስያዝኩት። አቀፈኝ፤ ረጅም ጊዜ አቀፈኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ከክበብ መልስ ሮላንድ ስልኬ ላይ በምስል ብቅ አለ። እዚያ ነግቷል። ከኋላው የማላውቀው ዛፍ። የልጁ ልጆች «አያታችን ከማን ጋር ነው?» ይላሉ። ከአሁን ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍል አብረን እናያለን፤ ለሱሬሽ ምክር ተሸንፌ ሙሉውን ዲስክ ገዝቻለሁ። የአባባንም አልጣልኩም።

«ኪትን ከደረጃው አውርደሽዋል» አለኝ። ፎቶውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አይቶት።

«አዎ። እዚያ ብርድ ነው።»

ከዚያ ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ፦ «ቢኖር ስልሳ ሁለት ይሆነው ነበር። የቱን ክፍል ይጠላ ነበር ትላለህ?»

«በቀቀኑን» አለ ሮላንድ፣ ሳያስብ። «የኛ ቤት ልጅ አይደል እንዴ? ክሩን ያየው ነበር።»