ለሰው ተኩላው የተቆረጠው ዛፍ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ጉም። ቤት ውስጥ እኔ፣ ወንድሜ ሩሪ እና ፔትራ የምትባል የቴሌቪዥን ሴት ነበርን። በጊዜ ወደ ኋላ ስለሚጓዙ ሰዎች ድራማ ይሠራሉ። በዚህኛው ክፍል ባሏ የሞተባትን የድሮዋን ንግሥት ሰው ተኩላ፣ ሌሊት ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው፣ ያሳድዳታል፤ ሸሽታ እኔ ቤት ትደበቃለች። ለምን የኔ ቤት?

"ያረጀ ስለሚመስል" አለች ፔትራ። ጫማዋን ሳትጠርግ ነው የገባችው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5

ፔትራ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ "ይሄ የሮዋን ዛፍ ካሜራውን ይጋርዳል፤ መነሳት አለበት" አለች። እናቴ የተከለችው ነው አልኳት። ሮዋን እዚህ አገር አይቆረጥም። ክፉ ነገር በር እንዳያልፍ ነው የሚተከለው። እሱን ግን ለሷ አላስረዳሁም። ሩሪን አየሁት... ያውቃል። እሱ ግን ፔትራን አየ።

ቤቱ በሱ ስም ነው፤ እሱ ራሱ ግን ኮረብታው ላይ ሌላ ቤት ነው የሚኖረው። እናታችን ቤቱን ለወንድ ልጇ ተወች፤ እኔን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ተወችኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

ሩሪ ፈቀደላቸው። ለምን እንደሆነም ገባኝ። ድራማው ላይ የንግሥቲቱ ዘብ ሆኖ ይሠራል፤ የሚናገረውም ሰጥተውታል። ጓሮ እየተንጎራደደ ይለማመዳል፦ "ግርማዊት ንግሥት ደርሰዋል።" ዶሮዎቹ ሸሹ።

"እንዴት ነኝ፣ እህት ዓለም?"

"እናታችንን በሦስት ቃል ሸጥካት።"

"ዛፍ እኮ ነው፣ ሴንጋ።"

"አትንኩት ብላ አልነበር የሞተችው?"

"ስትሞት ብዙ ነገር ትቀባጥር ነበር።"

መልሱ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ቆረጡት። ፍሬውን እንደተሸከመ ወደቀ። ሰው ሳያየኝ አንድ ቅርንጫፍ አንስቼ ገባሁ። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ውሃ ሞልቼ ከተትኩት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 10

ሰው ተኩላው ይኸውና... አረንጓዴ ጥብቅ ልብስ የለበሰ ቀጭን ሰውዬ። ጭንቅላቱ ላይ ዱላ፣ ዱላው ጫፍ ላይ ኳስ። ጠጉሩንና ጥርሱን በኋላ በኮምፒውተር ይጨምሩለታል። ንግሥቲቱ የሐዘን ልብሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቺፕስ ትበላለች። በዚህ ተለወጠ የእናቴ ዛፍ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ነፋስ። ደራሲያቸው ታሪኩን ቀይሮታል። አሁን ንግሥቲቱን የሚያድናት በሩ አጠገብ ያለ ሮዋን ነው፤ ተኩላው እሱን አልፎ መግባት አይችልም። ከየት አመጣው? ከሩሪ። ትናንት መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ሮዋን ክፉ አያሳልፍም፣ የአገራችን ሰው በሞቱ አይቆርጠውም፣ እያለ ሲያወራለት አመሸ።

ስለዚህ አልረሳም ነበር። እያወቀ ነው ያስቆረጠው።

ፔትራ እየሳቀች መጣች፦ "ወይዘሪት ሴንጋ፣ ትንሽ ቅርንጫፍ አይኖርዎትም?"

"የለኝም።"

የፕላስቲክ ሮዋን በመኪና አምጥተው ከጉቶው ራቅ አድርገው አቆሙት፣ ካሜራውን እንዳይጋርድ። ፍሬው ከእውነተኛው ይበልጥ ቀይ ነው።

ሩሪም ሦስት ቃሉን ተናገረ። ፔትራ ለድምፅ ሠራተኛው ስትነግረው ሰማሁ፦ "የዘቡን ድምፅ በኋላ በሌላ ሰው እንተካዋለን።" ለሩሪ አልነገርኩትም። ቴሌቪዥን ላይ ይስማው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 13

ሄዱ። የፕላስቲኩንም ወሰዱት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

ብርድ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው።

ቅርንጫፉን ከገንዳው አወጣሁ። እናቴ እንደምታደርገው በቀይ ክር አሰርኩት። ወንበር ላይ ቆሜ ከበሩ በላይ በሚስማር መታሁት። ወንበሩን ቦታው መለስኩ። ገንዳውን አጠብኩ።

ሩሪ እንደ ወትሮው ወተት ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

"ለማን ነው?"

"ለተኩላው።"

"ተኩላው እኮ ትናንት ሄደ።"

"አውቃለሁ።"

ቢፈልግ አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ቅርንጫፉን አየ፣ እኔን አየ... አልገባም። ወተቱን ጉቶው ላይ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ወጣ።

በሩን ዘጋሁ። ሻይ አፈላሁ። ያለ ወተት ጠጣሁት።